ሌላው ሲናገር የሚደክም እጅ

አሜሪካ ፍርድ ቤት ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሳስተረጉም፣ ከዳኛውና ከጠበቆቹ ይልቅ ዐይኔን የምትስበው ቃል መዝጋቢዋ ናት። ከምስክሩ ወንበር አጠገብ ተቀምጣ፣ በሦስት እግር የቆመችውን ትንሽ መሣሪያ ጉልበቷ መካከል አድርጋ፣ የተነገረውን ሁሉ ትመዘግባለች። እኛ አስተርጓሚዎች ችሎቱ ረጅም ከሆነ ሁለት ሆነን በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው እንፈራረቃለን፤ የደከመ አእምሮ ቃል እንደሚስት ስለታወቀ ይህን የሚቃወም የለም። እሷን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚተካት የለም። ምስክር ይቀየራል፣ ጠበቃ ይቀየራል፣ እሷ ከወንበሯ አትነሣም። ዳኛው ዕረፍት ሲሰጡ የእጇን አንጓ ስታሽ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የዚህን ሕመም ታሪክ እንድከታተል ያደረገኝም ይኸው ነው።

ሕመሙ ከመሣሪያው በጣም ይቀድማል። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ አሳተመ። በ1713 አስፍቶ ሲያወጣው ጸሐፊዎችንና የውል መዝጋቢዎችን ጨመረበት። የሚታመሙበትን ምክንያት ሦስት አደረገው፦ ሁልጊዜ መቀመጥ፣ እጅን ያለማቋረጥ በአንድ ዓይነት መንገድ ማንቀሳቀስ፣ ስሕተት እንዳይገኝ አእምሮን ማስጨነቅ። ዕድሜውን በሙሉ በመጻፍ ስለኖረ አንድ ሰውም ይነግረናል። ሰውየው ቀኝ ክንዱ ሲዝልበት በግራው መጻፍ ተማረ፤ ብዙም ሳይቆይ ግራውም እንደ ቀኙ ሆነ። ራማዚኒ ሕመምተኛን ስለ ሥራው መጠየቅ ይገባል ብሎ ያስተማረ ሐኪም ነበርና ይህን ማየቱ አይገርምም። የሚገርመኝ ከእሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ይህን ለማስተዋል ያን ያህል መዘግየታቸው ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ፍርድ ቤቱም ፓርላማውም ፈጣን እጅ ፈለጉ። ቻርለስ ዲከንስ ደራሲ ከመሆኑ በፊት ለንደን ውስጥ በአጭር ጽሕፈት የችሎት ቃል ይመዘግብ ነበር። አይዛክ ፒትማን በ1837 የራሱን የአጭር ጽሕፈት ዘዴ አወጣ። በዚያው ዘመን ሐኪሞች የጸሐፊዎች እጅ መኮማተርን በብዛት መመዝገብ ጀመሩ። እንግሊዝ በ1908 የቴሌግራፍ ሠራተኞችን የእጅ መኮማተር ካሣ ከሚያስገኙ የሥራ በሽታዎች ጋር መደበችው። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚቴ ግን በ1911 ባወጣው ዘገባ ከተደጋጋሚው ድካም ጎን የሠራተኛውን የነርቭ አለመረጋጋት እንደ ምክንያት አስቀመጠ። እንዲህ ያለው ፍርድ ብዙ ሰው ሕመሙን ደብቆ እንዲሠራ አድርጓል ብዬ አምናለሁ። ስሙ በደካማነት እንዲጠራ የሚፈልግ ሠራተኛ የለም።

መሣሪያው የመጣው አሜሪካ ውስጥ ነው። ማይልስ ባርቶሎሚው በ1870ዎቹ መጨረሻ አንዱን ሠራ፤ ዋርድ ስቶን አየርላንድ ደግሞ በ1910ዎቹ ዛሬ ለምናውቀው ስቴኖታይፕ መሠረት የሆነውን አወጣ። ቁልፎቹ 22 ገደማ ናቸው፤ ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ በመጫን አንድ ክፍለ ቃል ወይም ሙሉ ቃል በአንድ ምት ይወጣል። ለጣት ትልቅ እፎይታ ነበር። ሆኖም ያተረፈውን ጉልበት ፍጥነቱ መልሶ ወሰደው። በ1899 የተመሠረተው የአሜሪካ ቃል መዝጋቢዎች ብሔራዊ ማኅበር ለተመዘገበ ባለሙያ የሚሰጠው ፈተና በጥያቄና መልስ ክፍሉ በደቂቃ 225 ቃል፣ ከመቶ 95 ሳይሳሳቱ መመዝገብን ይጠይቃል። ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ደግሞ የምትመዘግበው ቃል ወዲያው ዳኛው ፊት ባለው ስክሪን ላይ ይነበባል። ስሕተቷ በተወለደበት ሰከንድ ይታያል። የራማዚኒ ሦስተኛው ምክንያት ከምንጊዜውም በላይ የከበደው አሁን ነው።

ይህን ፈተና አልፎ የተመዘገበ ባለሙያ የሚለውን ማዕረግ የያዘ ሰው በየሦስት ዓመቱ 30 ሰዓት ያህል ተጨማሪ ሥልጠና መውሰድ አለበት። ስለ ጤና የሚሰጡት ሴሚናሮች ቦታ ያገኙት እዚህ ውስጥ ነው። የመሣሪያውን ከፍታና ዘንበል አስተካክሎ አንጓን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ የቁልፉን ጥንካሬ ለጣት እንዲስማማ ማላላት፣ በዕረፍት ሰዓት እጅና ትከሻን ማፍታታት ይማራሉ። አንዳንዱ ሴሚናር ስለ ስሜት ጉዳት ጭምር ያወራል፤ ይህ ከሁሉም ይበልጥብኛል። የተገደለ ልጅ ጉዳይ ሲሰማ ቃል መዝጋቢዋ ፊቷን ሳትለውጥ ትመዘግባለች። ማታ ቤቷ ገብታ ግልባጩን ስታርም ያንኑ ቃል ዳግመኛ ታነበዋለች። እኔም የምስክሩን ቃል «እኔ» እያልኩ ስለማስተረጉም ይህ ሸክም ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሥልጠናው በባለሙያዎቹ ማኅበር መያዙ ደግነት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በ2000 መጨረሻ በተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ከሚመጣ ጉዳት ሠራተኛን የሚጠብቅ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ኮንግረስ በመጋቢት 2001 ሻረው። ሕጉ ያልያዘውን ሙያው ራሱ መያዝ ነበረበት።

በአገራችን በኢትዮጵያ ደግሞ ለረጅም ዘመን የምስክር ቃል የሚጻፈው በዳኛው በራሱ እጅ ነበር። ድምፅ መቅጃ ሲገባ ዳኛው እፎይ አለ፤ ሸክሙ ግን ጆሮ ማዳመጫ አድርገው ቃሉን ወደ ጽሑፍ ወደሚገለብጡት፣ አብዛኛው ሰው ፊታቸውን እንኳ ወደማያየው ሠራተኞች ዞረ። ወንበራቸው ለጀርባቸው፣ ጠረጴዛቸው ለክንዳቸው እንዲመች ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ስለዚህ፣ ሥልጠና የምታዘጋጁ የፍርድ ቤት ኃላፊዎች፣ በሚቀጥለው መርሐ ግብራችሁ ላይ ለገልባጮቹ እጅና ልብ አንድ ግማሽ ቀን መድቡላቸው፤ ያን ግማሽ ቀንም እንደ ሥራ ሰዓት ቁጠሩላቸው።