ስሌትና ኤላ

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነው። «ስትራክቸራል አናሊሲስ» ከሚሉት ትምህርት ጋር ሲታገል ያድራል፤ ወራጅ ይሥላል፣ ቀስት ይጨምራል፣ የኃይሎቹ ድምር ዜሮ ካልመጣለት ይደልዛል። እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝና የትምህርቱን የዘር ሐረግ ጠየቅሁት። እ.ኤ.አ. በ1638 ጋሊሊዮ፣ በ1826 ናቪየ፣ በ1930 ሃርዲ ክሮስ አለኝ። ጋሊሊዮም መቼም ተሳስቷል፤ ባንድ ወገን ግድግዳ ውስጥ የተተከለ ወራጅ የሚችለውን ጭነት ሦስት እጥፍ አድርጎ ነው ያሰላው።

ከዚህ ሐረግ ቦረና የለም። ከነገሌ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በያቤሎና በሜጋ መካከል ዱብሉቅ አለ። በዚያ አካባቢ ቱላ የሚባሉት ኤላዎች አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። ቆፋሪዎቹ አስቀድመው ወደ ታች የሚያወርድ ሰፊ ተዳፋት ይቆርጣሉ፤ ከብቱ በዚያ ወርዶ ከገንዳው ይጠጣል። ስለዚህ ውሃው ሽቅብ የሚወጣው እስከ ገንዳው ነው እንጂ እስከ ሜዳው አይደለም። ከገንዳው በታች ሰዎች አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ መቅጃውን ይቀባበላሉ። ግድግዳው ከተናደ ታች ያለው ሰው አለቀለት።

ይኸን ስነግረው ጓደኛዬ እርሳሱን አስቀመጠና «ተዳፋቱ በስንት ዲግሪ ነው የሚቆረጠው?» አለኝ። ጥያቄ ይሏል ይኸ ነው!

በ1940 የወደቀውን የታኮማን ድልድይ የማያውቅ የምሕንድስና ተማሪ የለም። የተናደ ኤላስ? እሱም እንደገና ይቆፈራል። ቁፋሮውን ያስጀመረው አባ ኮንፊ ይባላል፤ የውሃውን ተራ የሚያስከብረው ደግሞ አባ ሄረጋ ነው። የአባ ኮንፊ መብት ለልጅ ልጅ ስለሚተላለፍ ቆፋሪው አይረሳም። የቆላው ልጆች ለዕረፍት አገር ስትገቡ ምን እንደናደውና ሁለተኛው ቆፋሪ ምን እንደለወጠ ሽማግሌዎቹን ጠይቁልን።