ጽሙምና ደንቆሮ፤ መስማት ስለ ተሳናቸው ልጆች የታሪክ ሐተታ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ኮሶዬ ይደርሳል። ቦታው ደጋ ነው፤ ከገደሉ አፋፍ ሆነው ሲመለከቱ ቆላው ከሥር ተዘርግቶ ይታያል። በእንደዚህ ያለ አገር ሰው ከሰው የሚገናኘው በድምፅ ነው። እረኛ እረኛን ከማዶ ይጣራል፤ እናት ልጇን ከደጅ ቆማ ትጠራለች፤ ደወሉም ሕዝቡን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሰበስባል። ስለዚህ ሲጠሩት የማይመለስ ልጅ በተገኘ ጊዜ ፍርዱ ፈጥኖ ይሰጣል። አንዱ እልከኛ ነው ይለዋል፤ ሁለተኛው ፈዛዛ ነው ይለዋል፤ ጆሮውን ልመርምር የሚል ግን ጥቂት ነው።

ይህ ፍርድ በቋንቋው ውስጥ እንኳ ገብቶ ይገኛል። ግእዝ ጆሮው የማይሰማውን ጽሙም፥ አንደበቱ የማይናገረውን በሃም ብሎ ለይቶ ይጠራል። አማርኛ ግን ደንቆሮ በሚለው በአንድ ቃል የማይሰማውንም የማያውቀውንም ደርቦ ይጠራል፤ ድንቁርና ሲባልም ሰው ሁሉ የሚረዳው አለማወቅን ነው። የጆሮ ጉድለት እንደ አእምሮ ጉድለት ተቈጠረ። ስሕተቱ የአንድ አገር ብቻ አይደለም፤ እንግሊዞችም ድዳ የሚሉበትን ቃል ለሞኝ ሰው ስድብ አድርገውታል።

ስለ ምን እንዲህ ሆነ ቢባል፥ አንዱ ምክንያት የትምህርቱ መንገድ ነው። የአብነት ትምህርት ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ የሚሄድ ነው። ፊደሉ እየተጠራ ይቈጠራል፤ ዜማው በቃል ይጠናል፤ ቅኔው ሲነገር ይሰማል፤ አንድምታው በጉባኤ ይወርዳል። ጎንደርም በአቋቋሟና በመጻሕፍት ትርጓሜዋ የታወቀች ናት። ስለዚህ ዓይነ ስውር የሆነ ልጅ ከጉባኤው ተቀምጦ፥ ቅኔ ተቀኝቶና ዜማ አጥንቶ መምህር ለመሆን ይችል ነበር፤ የሆኑም አሉ። የማይሰማው ልጅ ግን ከዚያው ጉባኤ ደጃፍ ቀረ። ይህም በመምህራኑ ክፋት አልነበረም፤ በዓይን የሚገባ ትምህርት ገና ስላልተዘጋጀለት ነው። ሆኖም ዘካርያስን ዘመዶቹ በምልክት እንደ ጠየቁት፥ እርሱም በሰሌዳ ጽፎ እንደ መለሰላቸው በወንጌለ ሉቃስ ተጽፎ ይነበብ ነበር። ምልክትና ጽሕፈት አሳብን ከሰው ወደ ሰው ለማድረስ እንደሚበቁ ምስክሩ ከእጅ አልራቀም።

በአውሮፓ ይህን መንገድ የጀመረው መነኩሴ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት ፔድሮ ፖንሴ ደ ሌዎን የተባለ እስፓንያዊ በገዳሙ ሆኖ የማይሰሙ የመኳንንት ልጆችን ጽሕፈትና ንግግር አስተማረ። አፄ ሱስንዮስ በነገሡበት ዘመን፥ በ1620፥ ኋን ፓብሎ ቦኔት የእጅ ፊደል ያለበትን መጽሐፍ በማድሪድ አሳተመ። በ1760 ግድም ደግሞ ደ ሌፔ የተባለ የፓሪስ ካህን ለድኾች ልጆች ጭምር ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣ ሎራን ክሌር፥ ራሱ የማይሰማ ሲሆን፥ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1817 በሃርትፎርድ ለተከፈተው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ነገር ግን በ1880 በሚላኖ የተሰበሰበ ጉባኤ በምልክት ማስተማር ቀርቶ በአፍ ብቻ ይሁን ብሎ ወሰነ። በጉባኤው ውስጥ ብዙዎቹ የሚሰሙ ነበሩ። ይህ ውሳኔ በብዙ አገር ልጆችን ሲጎዳ ኖሮ፥ በ2010 በቫንኩቨር የተደረገው ጉባኤ ሻረው።

በኢትዮጵያ በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ከአሜሪካ የመጡ ሚስዮናውያን በአዲስ አበባ የማይሰሙ ልጆችን ትምህርት ቤት አቆሙ፤ በ1973 ዓ.ም. ደግሞ በሆሳዕና ሌላ ተከፈተ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የማይሰሙት ራሳቸው ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። የአማርኛው የእጅ ፊደልም ተዘጋጀ፤ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን፥ የእጁ እንቅስቃሴ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች ያመለክታል። ስለዚህ ከደጃፍ የቀረው ልጅ አባቶቹ በገቡበት በዚያው በፊደል ገበታ በር ለመግባት ቻለ። በ2000 ዓ.ም. ግድም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ማስተማር ጀመረ።

ነገር ግን ትምህርት ከምርመራ በኋላ የሚመጣ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 እንደ ገለጠው፥ መስማት የሚያውክ የጆሮ ጉድለት ያለባቸው ልጆች በዓለም 34 ሚሊዮን ናቸው፤ በልጆች ከሚደርሰው ጉድለት ከመቶ 60 ያህሉን መከላከል ይቻል ነበር። ኩፍኝ፥ የማጅራት ገትር በሽታና ሳይታከም የቈየ የጆሮ መግል ከምክንያቶቹ ይቈጠራሉ። በ1978 ዴቪድ ኬምፕ የተባለ እንግሊዛዊ ጤነኛ ጆሮ ራሱ ረቂቅ ድምፅ መልሶ እንደሚያወጣ አስረዳ፤ ከዚህም የተነሣ የተኛ ሕፃን ሳይጠየቅ ይመረመራል። ሊቃውንቱ የሚመክሩት ሕፃኑ በተወለደ በ1 ወር ውስጥ እንዲፈተን፥ ጉድለቱ በ3 ወር እንዲረጋገጥ፥ ርዳታው በ6 ወር እንዲጀመር ነው። ቋንቋ በልጅነት የሚተከል ነውና፥ የዘገየበት ዘመን ኋላ በቀላሉ አይመለስም።

መሣሪያው በሌለበት የደጋ መንደር ግን የመጀመሪያው መርማሪ ወላጅ ነው። ሕፃኑ በታላቅ ድምፅ የማይደነግጥ፥ በ6 ወሩ ወደ ድምፅ ዞሮ የማይመለከት፥ በዓመቱም ቃል የማይሞክር እንደ ሆነ፥ ያድጋል ይተወዋል ብሎ መጠበቅ ጊዜን ማጥፋት ነው፤ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ጥቂት ለሚሰማው የመስሚያ መሣሪያና በመምህሩ ፊት መቀመጥ ይጠቅሙታል፤ ፈጽሞ ለማይሰማው የምልክት ቋንቋ ያስፈልገዋል። ወላጆችም አብረው ቢማሩት ልጁ በቤቱ እንግዳ አይሆንም።

እንግዲህ ታሪኩ የሚያስረዳው ግእዝ የለያቸውን ሁለቱን ነገሮች መልሶ መለየት እንደሚገባ ነው። ጽሙም የሆነ ልጅ ያልሰማ እንጂ የማያውቅ አይደለም። ድንቁርና ካለ፥ ጆሮውን ሳይመረምር በአእምሮው ላይ በፈረደው ሰው ዘንድ ይገኛል።