የባዮሎጂ ዲግሪ ዕቅድ ከየት ይጀምራል? ከካሳራኒ የምናገኘው ታሪክ

ናይሮቢን የሚያውቅ ሰው ካሳራኒ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው በ1987 ለመላው አፍሪካ ጨዋታ የተሠራው ትልቁ ስታዲየም ነው። እኛ ግን ሰፈሩን የምናነሣው በሌላ ምክንያት ነው። ከከተማው ወደ ቲካ በሚወስደው አውራ ጎዳና በኩል፣ እዚያው ካሳራኒ ውስጥ፣ «ዱዱቪል» የሚባል ግቢ አለ። «ዱዱ» በስዋሂሊ ቋንቋ ነፍሳት፣ በትምህርት ቤት መጻሕፍታችን አጠራር ደግሞ ሦስት አጽቄ ማለት ነው፤ ስለዚህ ግቢው «የነፍሳት መንደር» እንደ ማለት ነው። ዓለም አቀፍ የነፍሳት ፊዚዮሎጂና ኢኮሎጂ ማዕከል፣ በአጭር ስሙ ኢሲፔ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ይኸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ማዕከል ለባልደረቦቻችን ለማስተዋወቅ ያነሣሣን ቀላል የማይባል ሥራ ነው። በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ የባዮሎጂን የመጀመሪያ ዲግሪ የኮርስ ዝርዝር ከልሰን እንድናቀርብ ታዘን ነበር። ለመነሻ ተብሎ የተሰጠን ረቂቅ ሠንጠረዥ በሴል ይጀምርና በኢኮሎጂ ያበቃል። ከሁሉ በታች፣ ሰው እንዳያየው የተደበቀ ይመስል፣ «የመስክ ጥናት» የሚል አንድ መስመር ነበረ። ሰዓት ለመቆጠብ እርሱን እንሰርዝ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ብዙ ተቃዋሚ አልነበረውም፤ እኛም ቢሆን ወዲያው መልስ አልነበረንም። እንዲያው ሠንጠረዡ ለምን በዚህ ቅደም ተከተል እንደ ተደረደረ ብንጠየቅ «ድሮም እንዲህ ነበር» ከማለት በቀር ምን እንል ነበር?

ነገሩ ድሮም እንዲህ አልነበረም። ይህ ዓይነቱ ዕቅድ ብዙውን መልኩን ያገኘው በእንግሊዝ አገር፣ በ1870ዎቹ ነው። ቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ በለንደን ሳውዝ ኬንሲንግተን ለትምህርት ቤት መምህራን የተግባር ትምህርት መስጠት ሲጀምር ጊዜው አጭር፣ ሕይወት ያለው ነገር ዓይነት ግን ስፍር ቁጥር የለውም። መላው የተገኘው ለየወገኑ አንድ አንድ ናሙና በመምረጥ ነበር። እርሾ፣ አሜባ፣ ፈርን፣ ባቄላ፣ ሃይድራ፣ እንቁራሪት እያለ ከቀላሉ ወደ ውስብስቡ ይሄዳል። ይህንኑ አሠራር በ1875 ከማርቲን ጋር በመጽሐፍ አወጣው። ልብ በሉ፤ ዕቅዱ የተወለደው እንደኛው ላሉ መምህራን፣ በጊዜ ጥበት ምክንያት ነው። የተመረጡትም ፍጥረታት ለለንደን ሰው በቅርብ የሚገኙ ነበሩ። ሀክስሊ ያደረገው ትክክል ነበር። ስሕተቱ የመጣው ምክንያቱ ተረስቶ ዝርዝሩ ብቻ ባሕር ሲሻገር ነው። በኋላ በእንግሊዝ የሥነ እንስሳት ትምህርት ውስጥ ዶግፊሽ የምትባል ትንሽ ሻርክ ዋና ናሙና ሆነች፤ ከባሕር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር አፍሪካዊ ተማሪም የጓዳውን ምስጥ ትቶ የዶግፊሽን ነርቭ ሲሥል ኖረ።

በምሥራቅ አፍሪካ ይህ የሆነበት መንገድ ግልጽ ነው። የኡጋንዳው ማኬሬሬ ከ1949 ጀምሮ፣ የናይሮቢው ኮሌጅ ደግሞ ከ1961 ጀምሮ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር በልዩ ግንኙነት የተሳሰሩ ነበሩና የትምህርታቸውና የፈተናቸው መለኪያ እዚያ ነበር። ወደ ማኬሬሬ ከገቡት ወጣቶች አንዱ በ1931 የተወለዱት ኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ ናቸው። ከዚያ ወደ ካምብሪጅ ሄደው ከነፍሳት ፊዚዮሎጂ አባቶች አንዱ በሆኑት በሰር ቪንሰንት ዊግልስዎርዝ ሥር ተማሩ፤ በ1965 ዶክተር ሆኑ። ምርምራቸውን ያካሄዱበት አንዱ ፍጥረት የበረሓ አንበጣ መሆኑ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ትርጕሙ አይሰወርም።

ኦዲያምቦ በ1967 «ሳይንስ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሳይንስና ልማት ጽፈው አካባቢው በጥቂት በተመረጡ መስኮች ከፍ ያሉ የምርምር ማዕከሎች ሊኖሩት ይገባል ሲሉ ተከራከሩ። በ1970 ኢሲፔን መሠረቱ። ማዕከሉ መጀመሪያ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ቺሮሞ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ካሳራኒ የገባው ኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ የምርምር ዕቃዎች ምን ምን እንደ ነበሩ ቢጠየቅ የእኛም ገበሬ ሊዘረዝራቸው ይችላል፤ የገንዲ በሽታ አስተላላፊው የቆላ ዝንብ፣ ተምች፣ ምስጥ፣ መዥገር፣ የወባ ትንኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልንቆይ እንወዳለን፤ ለኮርስ ዕቅድ የሚጠቅመው ነገር ያለው እዚህ ነውና። በደቡብ ኬንያ ንጉሩማን በሚባለው ቦታ በ1980ዎቹ ለቆላ ዝንብ ከጨርቅ የሚሠራ ወጥመድ ተዘጋጀ። ዝንቧን የሚስበው የጨርቁ ሰማያዊ ቀለምና የላም ሽንት ሽታ ነው። ይህን ወጥመድ ለመሥራት ምን ማወቅ ያስፈልጋል? ዝንብ እንዴት እንደምታይና እንደምታሸት፣ ይኸውም ፊዚዮሎጂ፤ በሽንት ውስጥ ያለው የትኛው ቅመም እንደሚስባት፣ ይኸውም ኬሚስትሪ፤ ወጥመዱ በእርግጥ መሥራቱን ለመለየት ስታቲስቲክስ፤ ወጥመዱ የት እንደሚተከል ለመወሰን ኢኮሎጂ። በሠንጠረዣችን ላይ እንደማይተዋወቁ ጎረቤቶች ተለያይተው የተቀመጡት ኮርሶች ሁሉ በአንዲት ዝንብ ዙሪያ ተሰብስበዋል።

ሌላው ምሳሌ በ1990ዎቹ ኢሲፔ ከእንግሊዙ ሮታምስተድ ጋር ሆኖ ያወጣው «መግፋትና መሳብ» የሚባለው ዘዴ ነው። በበቆሎ መሐል ደስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል ይዘራል፤ ሽታው የአገዳ ቆርቁርን እናት የእሳት ራት ያባርራል። በማሳው ዙሪያ የሚተከለው ዝሆን ሣር ደግሞ ይስባታል። እዚያ እንቁላሏን ብትጥልም ሣሩ በሚያወጣው ሙጫ መሰል ፈሳሽ ምክንያት አብዛኞቹ እጮች አያድጉም። በሥራው መካከል ያልታሰበ ነገር ታየ፤ ደስሞዲየም ባለበት ማሳ አቀንጭራ ጠፋ። ከሥሩ የሚወጣው ቅመም የአቀንጭራን ዘር ያበቅለዋል፣ የሚጣበቅበትን ሥር ግን እንዳያገኝ ያደርገዋል። ይህን በወረቀት ላይ ያቀደው ሰው አልነበረም። ሊያየው የሚችለው ግን ማሳው ውስጥ የቆመ ሰው ብቻ ነበር።

በ1983 ኢሲፔ ከአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር የዶክትሬት ሥልጠና ጀመረ። ተማሪው ኮርስ ወስዶ ምርምሩን በማዕከሉ ይሠራል፤ ዲግሪውን የሚሰጠው ግን የተመዘገበበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ የዶክትሬት ነገር ነው፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ምን ያደርጋል የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአንዲት ዝንብ ላይ ሦስት ዓመት መቆየት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሥራ አይደለም። ነገር ግን እዚያ የሚደርሰው ተማሪ የሚነሣው ከእኛ ክፍል ነው። ከ2013 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ማዕከሉን በዋና ዳይሬክተርነት የመሩት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የፍኖተ ሰላም ልጅ ሲሆኑ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በአገራችንም ቢሆን ከደጅ የጀመረ ሳይንስ አልጠፋም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነርሱ በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ስለሚገድለው ተክል የተደረገው ረጅም ምርምር የተነሣው ከዚያ ነው። እንዶድን ማን የማያውቅ አለ? ቀንድ አውጣውን ማየት ግን ተጨማሪ ትምህርት ይጠይቃል፤ የበሽታውን ዑደት የማያውቅ ሰው በዚያው ወንዝ ዳር አልፎ ይሄድ ነበር። ስለዚህ የክፍል ትምህርት ይቅር የሚል ክርክር ከእኛ አይጠበቅም።

ስለ ዓመታት ብዛት አጭር ነገር እንበል፤ ውይይቱ ሁሉ እዚያ ላይ ያልቃልና። ኬንያ በ1985 በጀመረችው ሥርዓት ምክንያት የዩኒቨርሲቲው ዲግሪ ከሦስት ወደ አራት ዓመት ከፍ አለ፤ በ2017 የተጀመረው አዲሱ ሥርዓት መልሶ ሦስት ዓመት ያስባል። እኛ በበኩላችን በ2003 የመጀመሪያውን ዓመት ለመሰናዶ ትምህርት ትተን ከአራት ወደ ሦስት ወረድን፤ በቅርቡ ደግሞ ወደ አራት ተመለስን። ዓመቱ ሲያጥር መስክ ይሰረዛል፣ ሲረዝም ግን የተሰረዘው አይመለስም፤ በምትኩ ሌላ የክፍል ኮርስ ይገባል። ይህን በራሳችን ሠንጠረዥ ላይ በእርሳስ ቆጥረን አይተነዋል።

ከዓመቱ ብዛት ይልቅ እኛን ያስጨነቀን የወሩ ነገር ነው። የትምህርት ዘመናችን ክረምቱን ሙሉ ይዘጋል። ምድሪቱ የምትሞላው ግን ያን ጊዜ ነው። ተማሪው ሲመለስ አደይ አበባ ገና አልረገፈም፣ ሣሩ ለምለም ነው፣ ንቡ፣ ጥንዚዛው፣ ቢራቢሮው በየቁጥቋጦው አለ። በረቂቁ ላይ የዕፀዋት አመዳደብና የነፍሳት ትምህርት የተቀመጡት በሁለተኛው ሴሚስተር፣ ከየካቲት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለመምህሩ የሚቀረው ደረቅ አገዳና ሥዕል ነው። ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው ቅድመ ተከታይ ኮርሶችን አሳምሮ አገናኝቷል፤ ጄኔቲክስን ከዝግመተ ለውጥ፣ ኬሚስትሪን ከባዮኬሚስትሪ አስቀድሟል። ዝናብ መቼ እንደሚዘንብ ግን አልጠየቀም።

ስለዚህ ያቀረብነው ማሻሻያ ጥቂት ነው። የመስክ ጥናቱ ከሠንጠረዡ ግርጌ ተነሥቶ በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ እንዲውል ጠየቅን። እያንዳንዱ ተማሪ በዚያ ወቅት የሚመርጠውን አንድ የአካባቢ ፍጥረት እስከ ምረቃው ይከተለዋል፤ የፊዚዮሎጂውም፣ የስታቲስቲክሱም፣ የኢኮሎጂውም የተግባር ሥራ በዚያው ፍጥረት ላይ ይሆናል። ስሙን በአካባቢው ቋንቋ ከሽማግሌ ጠይቆ መመዝገብም የሥራው ክፍል ነው።

ረቂቁ ከገምጋሚዎቹ ሲመለስ በዳር ላይ «መኪናና ውሎ አበል ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ተጽፎበት ነበር። ከቤተ ሙከራው በስተጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ሦስት የምስጥ ኩይሳ መኖሩን ጠቅሰን መልሰን ልከናል።