«መርዛማ ድንጋጤ» የሚባል በሽታ የለም

ብዙ ሰው ባይዝም ሲይዝ ፋታ የማይሰጥ፣ ስሙ ከታምፖን (በወር አበባ ጊዜ ብልት ውስጥ ከሚገባው ደም መጣጭ) ጋር የሚነሣ ሕመም አለ፤ ሐኪሞች «ቶክሲክ ሾክ ሲንድሮም» ይሉታል። የማሽን ትርጉም ይህን ስም «መርዛማ ድንጋጤ ሲንድሮም» እያለ እያባዛው ነው፤ እያደርም የአማርኛ ስም መምሰል ጀምሯል። ቃላቱ ግን ከሕመሙ ጋር ዝምድና የላቸውም። «ደነገጠ» የግዕዙ «ደንገፀ» ነው፤ ማደሪያውም ልብ ነው። መርዶ የሰማ ይደነግጣል፣ እባብ የረገጠ ይደነግጣል፤ የደነገጠን ሰው «አይዞህ» ብለው ውሃ ያጠጡታል። ሐኪም «ሾክ» ሲል የሚናገረው ስለ ደም ዝውውር ነው፤ የደም ግፊት ክፉኛ ወርዶ አንጎልና ኩላሊት በቂ ደም ሲያጡ ማለት ነው። «መርዛማ» የሚለው ቅጽልም ያለቦታው ተቀጥሏል። መርዛማ እባብ ስንል መርዙ ያለው እባቡ ዘንድ ነው፤ እዚህ ግን መርዙ የባክቴሪያው ነው እንጂ የድንጋጤው አይደለም።

ባክቴሪያው በአብዛኛው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው። በጤነኛ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ ያለ ጉዳት ይኖራል፤ ሲመቸው የሚያመነጨው መርዝ ወደ ደም ሲገባ ግን ሰውነትን ያናጋል። ስሙን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ያወጡት የዴንቨሩ የሕፃናት ሐኪም ጄምስ ቶድና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ የገለጿቸው ሕሙማን ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 7 ልጆች ነበሩ፣ ወንዶችም ነበሩባቸው። ከታምፖን ጋር የተጣመረው በ1980 ነው። ያን ጊዜ በአሜሪካ ብዙ ሴቶች በወር አበባቸው ሰሞን ታመው፣ ብዙ ደም መምጠጥ የሚችለው «ሪላይ» የተባለው ታምፖን ከገበያ ወጣ። ይሁን እንጂ «የታምፖን በሽታ» ብሎ መሰየምም አያዋጣም። በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ ቀበሌዎች አብዛኛዋ ሴት የምትይዘው ሞዴስ ወይም ጨርቅ ነው (ሞዴስም የንግድ ስም ነበር፤ ዛሬ የእኛ ቃል ሆኗል)፤ ታምፖን ብርቅ ነው። ሕመሙ ግን በቁስል፣ በቃጠሎና ከወሊድ በኋላ በሚከተል ኢንፌክሽንም ይመጣል። የምንመርጠው ስም ለአራስም ታምፖን ለምትጠቀም ተማሪም እኩል ማገልገል አለበት።

ለወሎ ሰው ቶሎ የሚገባ ስም ይሁን ከተባለ «የመርዝ ምች» ማለት ያጓጓል። ምች የሚመታ ነው፤ ድንገት ይመጣል፣ ያተኩሳል፣ ራስ ይፈልጣል፤ «ምች መታት» ለማለት ማብራሪያ አያሻም። የሚያሰጋኝም ይኸው ቅለቱ ነው። ምች የተባለ ሕመም መድኃኒቱ በጓሮ ነው፤ ዳማከሴ ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ ታማሚዋ ተሸፋፍና ትተኛለች። ይህኛው ሕመም ግን በሰዓታት ውስጥ የሚብስ ስለሆነ በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚታከመው ሆስፒታል ውስጥ ነው። አንድ ስም ታማሚዋን ቤት የሚያስቀር ከሆነ፣ የቱንም ያህል አማርኛው ቢያምር ልንተወው ይገባል። «ሕምዛዊ» የሚለውን የግዕዝ መንገድ የሚወዱም አሉ፤ ሕምዝ ጥንታዊና ትክክለኛ ቃል ነው፣ ጤና ኬላ ደጃፍ ላይ ግን ማን ይረዳዋል?

እኔ የምመርጠው «መርዝ ወለድ መዝለፍለፍ» የሚለውን ነው። «ወለድ» የሚለውን አሠራር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች «ውሃ ወለድ በሽታ» እያሉ እስከ ገጠር አድርሰውታል፤ የሕመሙን ምንጭ በአንድ ቃል ይናገራል። «ተዝለፈለፈ» ደግሞ አማርኛ ለሰውነት መክዳት ካበጃቸው ግሦች አንዱ ነው። ተንቀጠቀጠ፣ ተብረከረከ፣ ተዝለፈለፈ፦ ሦስቱም መጨረሻቸውን ይደግማሉ፣ ሦስቱም ሰውነት ከባለቤቱ ቁጥጥር ሲያመልጥ ያሳያሉ። በዚህ ሕመምም ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣል፣ ጉልበት ይብረከረካል፣ ግፊቱ ሲወርድ ታማሚዋ ተዝለፍልፋ ትወድቃለች። ቋንቋው የሚያስፈልገንን ቃል ይዞ ሳለ ድንጋጤን መበደር ምን አመጣው? «ሲንድሮም» የሚለውን «ሕመም» ሊተካው ይችላል፤ ብንተወውም የሚጎድል ነገር የለም።

ሐኪሞች «ሾክ በቂ ነው፣ እርስ በርስ እንግባባበታለን» ሊሉ ይችላሉ። በሕክምና ካርድ ላይ ይቆይ፤ ማንም አይከለክልም። ከሆስፒታል ውጭ ግን «ሾክ ሆንኩ» ማለት ደነገጥኩ ማለት ሆኗል፤ ቃሉን እንዳለ ብንወስደው ያው የሸሸነው ድንጋጤ በሌላ በር ይገባል። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ስሙ የሚገልጸው የሕመሙን መጨረሻ ነው፣ እስኪዝለፈለፉ የሚጠብቁ ይኖራሉ የሚል። እውነት አለው፤ ስለዚህ ስሙ በተጻፈበት ሁሉ መጀመሪያውም አብሮ ይጻፍ። ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የጡንቻ ሕመም፣ ፀሐይ የለበለበው የሚመስል ሽፍታ፤ ሽፍታው በጠይም ቆዳ ላይ በደንብ ላይታይ ይችላልና እሱን ብቻ መጠበቅ አይገባም። ታምፖን የምትጠቀም ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ትቀይረው፣ ከ8 ሰዓት አታሳልፈው፤ ለደሟ መጠን የሚበቃውን፣ መምጠጡ አነስተኛ የሆነውን ትምረጥ። ትኩሳቱ ከጀመራት ወዲያው ታውጣውና ሐኪም ዘንድ ሄዳ «ታምፖን ይዤ ነበር» ትበል፤ አራሷም መውለዷን፣ ቁስለኛውም ቁስሉን እንዲሁ ይናገሩ።