ሶስና፦ የአንድ ስም ጉዞ

ሶስና የሚለው የሴት ስም ከአበባ የተገኘ ነው። የጥንት ግብፃውያን የውሃ አበባን «ሰሸን» ይሉት ነበር፤ የዕብራይስጡ «ሾሻና» ከዚሁ እንደ መጣ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ያምናሉ። ዐረቦችም «ሰውሰን» ብለው ለሴት ልጆቻቸው ያወጡታል። ግሪኮች «ሱሳና» ያሉት ስም በምዕራብ አውሮፓ «ሱዛን» ሲሆን፣ ወደ እኛ የደረሰው በግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስ በኩል ነው። በሐሰት ተከሳ ሞት የተፈረደባትን፣ ዳንኤልም ምስክሮቹን ለያይቶ በመጠየቅ ያዳናትን የሶስናን ታሪክ የዕብራይስጡ ትንቢተ ዳንኤል አልያዘውም፤ ግዕዙ ግን ከግሪኩ ተቀብሎ ጠብቆታል። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከአውሮፓ ቋንቋ የሚተረጉም ባልደረባችን «ሱዛና» ብሎ ቢጽፍ አንባቢውን ከሚያውቃት ሴት ይለየዋል። የጥንቷ ሶስና በግዕዙ ስሟ ትጠራ፤ የዘመናችን ሱዛን ግን ራሷ በምትጠራበት ስም ትጻፍ።