ሚዛኑን የያዘው ማን ነው? የኢ-ስፖርት ውርርድ አጭር ታሪክ

ባለፈው ዓመት ከሱቃችን ልጆች አንዱ የጭነት መኪና ሒሳብ እንዲከፍል 38 ሺህ ሽልንግ በኤም-ፔሳ ላክንለት። በነጋታው ሾፌሩ ደወለልን፤ ሳንቲም አልደረሰውም። ዕቃችን ሞያሌ ላይ ሦስት ቀን ቆመ። ልጁን የዘረፈው ሰው አልነበረም፤ ሌሊቱን ሙሉ በስልኩ ኳስ ሲያስይዝ አድሮ ነው። "እትዬ፣ ማንቸስተር ሲቲ በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ ይሸነፋል ብዬ በምን ልጠርጥር?" አለን።

አንድ ቡድን በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ አይጫወትም። ልጁ ገንዘቡን ያስያዘው ሁለት ሰዎች የሆነ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በጌም በሚጫወቱት ኳስ ላይ ነበር። የቡድኑ ስም ማንቸስተር ሲቲ ነው፤ አጠገቡ በቅንፍ የተጻፈው ግን የተጫዋቹ ቅጽል ስም ነው። አንዱ ጨዋታ አሥር ደቂቃ አካባቢ ቆይቶ ያልቃል፣ ወዲያው ሌላው ይቀጥላል። ኢ-ስፖርት የሚባለው ይሄ ነው። ብዙዎች ከዚህ ጋር የሚያምታቱት ቨርቹዋል ኳስም አለ፤ እሱን ግን ማንም አይጫወተውም፣ ውጤቱን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው።

ንዴታችን ሲበርድልን የነገሩን ታሪክ ማጣራት ጀመርን። ያገኘነውን ለእናንተም እናካፍላለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ከደቡብ ኮሪያ ይነሳል። በ1998 የወጣው ስታርክራፍት የተባለ የጦርነት ጌም አገሩን አዳረሰ። ጨዋታው በቴሌቪዥን ይተላለፍ ጀመር፣ ተጫዋቾች ደመወዝተኛ ሆኑ፣ በ2000 የኢ-ስፖርት ማኅበር ተቋቋመ። ተመልካች በበዛበት አስያዥ አይጠፋምና ሕገወጥ ውርርድም ተከተለ። በ2010 ጉዱ ወጣ፤ ተጫዋቾች ገንዘብ ተቀብለው ሆን ብለው ይሸነፉ ነበር። ማኅበሩ 11 ተጫዋቾችን ዕድሜ ልክ አገደ። ከእነሱ አንዱ ማ ጄ-ዩን፣ በዘመኑ ከታላላቆቹ ሻምፒዮኖች የሚቆጠር ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ያው ነገር ተደገመ። ሊ ሱንግ-ህዩን፣ በጌም ስሙ "ላይፍ"፣ በ2014 የስታርክራፍት 2 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2015 ሁለት ጨዋታዎችን እንዲሸነፍ 70 ሚሊዮን ዎን ተቀበለ። በ2016 ፍርድ ቤት የ18 ወር እስራት በገደብ ፈረደበት፣ 70 ሚሊዮን ዎንም ቀጣው። ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። እንግዲህ በሻምፒዮኑ ላይ ያስያዘ ሰው ምን አጠፋ? ብቃቱን በትክክል ገምቷል። ያላወቀው ሰውየው አስቀድሞ መሸጡን ነው።

የሜዳ ኳስም ከማጭበርበር ንጹሕ አይደለም። ነገር ግን አሥራ አንድ ሰው ከመግዛት አንድ ሰው መግዛት ይቀላል። አንድ ለአንድ በሚደረግ ጌም አንድ ልጅ ከተስማማ ጉዳዩ አለቀ። በትንንሾቹ ውድድሮች ደግሞ ሽልማቱ ጥቂት ነው፤ ሲሸነፍ የሚያገኘው ሲያሸንፍ ከሚያገኘው ሊበልጥ ይችላል።

በ2013 ዶታ 2 በተባለው ጌም "ሶሎ" የሚባል ሩሲያዊ ተጫዋች የራሱ ቡድን ይሸነፋል ብሎ 100 ዶላር አስያዘ። ቡድኑም ተሸነፈ። ክፍያው 322 ዶላር ነበር፤ ተደርሶበት ታገደ። ዛሬም ጌም ተጫዋቾች አንድ ሰው ሆን ብሎ የተሸነፈ ሲመስላቸው "322" ይላሉ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ካውንተር ስትራይክ ውስጥ "ስኪን" የሚባሉ የመሣሪያ ጌጦች መጡ። ጌጦቹ ይሸጣሉ፣ ይለወጣሉ፤ ስለዚህ እንደ ገንዘብ ሆኑ፣ የባንክ ሒሳብ የሌላቸው ልጆችም በእነሱ ማስያዝ ጀመሩ። በ2014 አይባይፓወር የተባለው ጠንካራ የአሜሪካ ቡድን ለደካማ ቡድን ሆን ብሎ ተሸነፈ፤ ትርፉ የተከፈለው በስኪን ነበር። የጌሙ ባለቤት ቫልቭ በጥር 2015 ሰባት ሰዎችን አገደ። በ2016 ደግሞ ሁለት ታዋቂ ዩቲዩበሮች በአንድ የስኪን ቁማር ድረ ገጽ ላይ ሲያሸንፉ እያሳዩ ተመልካች ሲጋብዙ ቆይተው የድረ ገጹ ባለቤቶች እነሱ ራሳቸው ሆነው ተገኙ። ይሄን ገበያ ላይ እናውቀዋለን፤ ገዢ መስሎ ቆሞ ዕቃውን የሚያደንቅ የሻጩ ወዳጅ ማለት ነው።

ወደ አውስትራሊያም ደረሰ። በነሐሴ 2019 የቪክቶሪያ ፖሊስ በካውንተር ስትራይክ ጨዋታ ማጭበርበር ጠርጥሮ ስድስት ወጣቶችን ያዘ። በጥር 2021 የኢ-ስፖርት ተቆጣጣሪው ኮሚሽን እዚያው አገር 35 ተጫዋቾችን ከውርርድ ጋር በተያያዘ ጥፋት ቀጣ።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ፣ ኤም-ፔሳ በ2007 ኬንያ ውስጥ ሲጀመር ለነጋዴ ትልቅ እፎይታ ነበር። ጥሬ ገንዘብ በመቀነት አስሮ መንገድ መውጣት ቀረልን። ነገር ግን ገንዘቡ በስልክ መሄድ ሲችል ውርርዱም በዚያው መንገድ መጣ። ስፖርትፔሳ በ2014 ሥራ ጀመረ፤ በጥቂት ዓመት ማስታወቂያው ያልደረሰበት ቦታ ጠፋ። በ2019 የኬንያ መንግሥት የትልልቆቹን አወራራጆች ፈቃድ ሳያድስ ቀረ፣ በግብርም ተጣሉ፣ ሁለቱ ትልልቆቹ ዘጉ። ከዚያ በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ሊጎች ሲቆሙ በየአገሩ ያሉ አወራራጆች ክፍተቱን የሞሉት በኢ-ስፖርት ነው። ኳሱ ተመልሶ ሲጀመርም ኢ-ስፖርቱ ከዝርዝሩ አልወጣም። ቀንም ሌሊትም አይቆምምና ለአወራራጁ ተመችቶታል።

ማጭበርበር ባይኖር እንኳ ሒሳቡን እንሥራው። ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ናቸው እንበል፣ ለሁለቱም የተሰጠው ኦድ 1.85 ነው። አንዱ ሰው በዚህ ወገን 100፣ ሌላው በዚያ ወገን 100 ሽልንግ ቢያስይዙ አወራራጁ 200 ይሰበስባል፣ ለአሸናፊው 185 ይከፍላል። 15ቱ የእሱ ነው፤ ከመቶ 7.50። ትንሽ ይመስላል። ግን 1,000 ሽልንግ ይዞ የተረፈውን መልሶ እያስያዘ አሥር ጨዋታ የቆየ ሰው በአማካይ እጁ ላይ የሚቀረው 459 ገደማ ነው። የሜዳ ኳስ ቢሆን አሥር ጨዋታ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በዚህኛው ሁለት ሰዓት ይበቃል። የልጃችን 38 ሺህ ሳይነጋ ያለቀበት ምሥጢር ይሄ ነው።

ብስጭቱም ሌላ ነው። በስልክ የምናየው ሥርጭት ከእውነተኛው ጨዋታ ወደ ኋላ ይዘገያል፤ እኛ "አሁን ሊገባ ነው" ስንል ጎሉ ከገባ ቆይቷል፣ ኦዱም ተለውጧል። አንዳንዴ መስመር ይቋረጥና ጨዋታው ተሰርዟል ይባላል። ከሜዳ ኳስ ቢያንስ የምናውቀው ነገር አለ፤ ማን እንደተጎዳ፣ ማን ቀይ ካርድ እንዳየ። እዚህ ግን ከቅጽል ስም በቀር ስለተጫዋቹ የምናውቀው የለም።

ነጋዴ ሁሉ ዕድሉን ይሞክራል፤ እኛም ቡና ስንጭን ዋጋው ይወርድ ይሆን ብለን እንፈራለን። ግን ዕቃውን እናያለን፣ ሻጩን እንጠይቃለን፣ ሚዛኑን እናስመዝናለን፣ ካልጣመን ትተን እንሄዳለን። በዚህ ውርርድ ሚዛኑ ያለው በአወራራጁ እጅ ነው፤ ከሚዛኑ ጀርባ የሚሆነውን የሚያውቁት ደግሞ ተጫዋቹና የገዛው ሰው ናቸው።

ልጁን አላባረርነውም። ዕዳውን በየወሩ ከደመወዙ ይከፍላል፤ የጭነት ሒሳብ ደግሞ አሁን በቀጥታ ለሾፌሩ እንልካለን። እናንተም ቤት ስልክ ይዞ የሚያመሽ ልጅ ካለ ከመቆጣታችሁ በፊት አብራችሁት ተቀመጡ፤ የሚያስይዝበት ጨዋታ የሜዳ ነው፣ የጌም ነው ወይስ የኮምፒውተር ብላችሁ ጠይቁት። የ1.85ቱን ሒሳብም በወረቀት አሠሩት። የእኛ ልጅ ሲሠራው ዝም ብሎ ቆየና "ይሄንን ማን ነገረኝ?" አለ። እውነቱን ነው፤ እኛም አልነገርነውም ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶቻችን፤ ልጁ እንዲጠረጥር ማስተማር ግን የእኛ የታላላቆቹ ሥራ ነበር።