የላስታ ወናፍና የብረት ስለት

ጥንት ሮሃ ትባል በነበረችው በላስታዋ ላሊበላ፣ ከወጥ ቋጥኝ የተፈለፈሉትን 11 አብያተ ክርስቲያናት አይቶ የማይደነቅ የለም፤ ነገር ግን ሁሉም ስለ ንጉሥ ላሊበላ ቅድስና፣ ስለ ሕንፃው ግርማና ገድሉ ስለሚተርከው የመላእክት ረድኤት ሲናገር፣ በየግድግዳው እስከ ዛሬ የሚታየውን ምልክት ያሳረፈው መሮ በማን እጅ እንደ ተሳለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቋጥኙ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ቀላ ያለና ለመሮ የሚታዘዝ ቢሆንም፣ ቤተ ጊዮርጊስን 12 ሜትር ያህል ወደ ታች የጠረቡት ጠቢባን መሣሪያቸው በየጊዜው እየዶለዶመ ወደ ቀጥቃጩ ምድጃ ይመለስ እንደ ነበረ አያጠራጥርም።

የምድጃው ነፍስ ወናፉ ነው። ከፍየል ቆዳ የተሰፉትን ሁለት ስልቻዎች ወናፍ ነፊው አንዱን ሲጫን ሌላውን እየከፈተ በተራ ስለሚነፋቸው፣ ነፋሱ ሳይቋረጥ በሸክላው አፍንጫ አልፎ ከፍሙ እምብርት ይደርሳል። ሸክላው ወደ ፍሙ እጅግ ከቀረበ ቀልጦ ይደፈናል፤ ከራቀም ነፋሱ ይበተናል። ነፋሱ ሲያንስ ብረቱ ይቀላል እንጂ ለመዶሻ አይገራም፤ ሲበዛ፣ ይልቁንም ከሰሉን ሳያቋርጥ በቀጥታ ብረቱን ሲያገኘው፣ ብረቱ ነጭ ሆኖ ፍንጣሪ እየረጨ ራሱ ይነድዳል፣ ስለቱም ከዚያ ወዲያ አይመለስም። ከዚህም በላይ፣ ከባሕር ጠለል 2500 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በዚህ ደጋ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ የላስታው ነፊ ከቆላው ባልንጀራው አብዝቶ መድከም ግድ ይለዋል።

ማረሻው፣ ማጭዱና መጥረቢያው ከእጁ የወጡለት ሕዝብ ግን ቀጥቃጩን ቡዳ እያለ ሸሸው። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ንቀቱ ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜው ረዝሟል፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል።

የነፋሱ ምስጢር በባሕር ማዶ በሌላ መልክ ተገልጧል። በእንግሊዝ አገር ፒተር ሃውልድክሮፍት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1967 የሌዘርን ጨረር ከኦክስጅን ፍሰት ጋር አጣምሮ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን የብረት ላሜራ ቆረጠ። ኦክስጅኑ ብረቱን እያነደደ ለጨረሩ ትኩሳት ይጨምራል፣ የቀለጠውንም ከስንጥቁ ገፍቶ ያወጣል፤ ፍሰቱ ሲደክም ዝቃጩ ከታችኛው ጠርዝ ተንጠልጥሎ ይረጋል፣ ከልክ ሲያልፍም ጠርዙ ተቃጥሎ ይሸረካከታል፤ የጋዙ አፍንጫ ከጨረሩ መካከል ጥቂት እንኳ ፈቀቅ ቢል አንደኛው ወገን ጠርቶ ሌላው ይቆሽሻል። ጠርዙ እንዳይጠቁር የሚፈለግ እንደ ሆነ፣ ይልቁንም ለማይዝግ ብረት፣ የማያነድደው ናይትሮጅን በብርቱ ግፊት ይለቀቃል። የሸክላ አፍንጫውን ርቀት በጣቱ ሲለካ የኖረው የላስታ ቀጥቃጭ ይህን ቢነግሩት ነገሩ እንግዳ የሚሆንበት አይመስለኝም።

መኪና ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ ቀጥቃጩ ከአሮጌ ባሌስትራ መሮና ቢላዋ ይሠራል። ባሌስትራው ከቀድሞው ለስላሳ ብረት ይልቅ ካርቦኑ የበዛ ስለሆነ በአነስተኛ ትኩሳት መቃጠል ይጀምራል፤ ስለዚህ ቀጥቃጩ ፍሙ ገና ብርቱካን መልክ ሳለ ነፊውን ቀስ እንዲል ያዝዘዋል፣ ብረቱም ወደ ንጣት ሳይደርስ ከእሳት ይወጣል።